አርባ አንደኞችና አንዲት ወፍ

አንደኛ መውጣት ሱስ ነው። እኔን የያዘኝ ገና ፊደል እንደለየሁ ነው፤ ኮሌጅ እስክገባም አልለቀቀኝም። ከእናንተ መካከል በልጅነቱ አንደኛ ይወጣ የነበረ ካለ የምለው ይገባዋል። እናት ለጎረቤት ስታወራ፣ መምህሩ በሰልፍ ላይ ስም ሲጠራ፣ ሰው የተወለደው ለዚሁ ብቻ ይመስለዋል። ችግሩ የሚመጣው አርባ አንደኞች አንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙ ቀን ነው። አርባ አንደኛ ቢሰበሰብም አንደኛ የሚወጣው አንድ ነው። የቀረነው ሠላሳ ዘጠኛችን ምን እንደምንሆን ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም። እኔ የሆንኩትን ልንገራችሁ፤ የሚያስመሰግነኝ ግን አይደለም።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ኮተቤ ያኔ ገጠር ነበር፤ ወደ ሾላ ገበያ የሚወርዱ አህዮች በኮሌጃችን በር ሲያልፉ አቧራቸው መማሪያ ክፍላችን ድረስ ይገባ ነበር። ኮሌጁ ከየካ በላይ፣ በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በባሕር ዛፍ መካከል የተሠራ አዳሪ ቤት ነው። ኮት ይሰጠናል፣ ክራቫት ይሰጠናል፣ ከተማ ስንወርድ ሰው ዞር ብሎ ያየናል፤ ባያየንም እንደሚያየን እናስብ ነበር። ኮሌጁ የራሱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለነበረው እኔ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ አንደኛ እየወጣሁ ነው የጨረስኩት። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ይወጡ የነበሩ የአዲስ አበባ ልጆች ነበሩ። የአንዱን እናት ሌላው ያውቃል፤ የአንዱን ሹራብ ሌላው ይለብሳል።

ኮሌጅ በገባንበት ዓመት ነገሩ ተለወጠ። ኮሌጁ ከየጠቅላይ ግዛቱ አንደኛ የወጡትን ልጆች ለቅሞ አስመጣ። መስከረም ላይ አውቶቡስ በሩ ላይ ቆሞ ሲያወርዳቸው ተሰልፈን አየን። ከአስመራ የመጣው ተክለ ባርኔጣውን እያስተካከለ ወረደ። ከሐረር የመጣው አብዱላሂ መሬት ሳይረግጥ በፊት ጫማውን በወረቀት ወለወለ። ከወለጋ የመጣው ኢታና እኛ ለሁለት የማናነሳውን ሣጥን በአንድ ትከሻው ይዞ ዘለለ። መጨረሻ ላይ ከገሙ ጎፋ፣ ከጨንቻ ተራሮች የመጣው አንጁሎ ወረደ። ቀጭንና ዝምተኛ ልጅ ነው። ሻንጣውን አስቀምጦ የተሰለፍነውን ሁሉ አንድ በአንድ እየዞረ ጨበጠን።

“አገር ቤት መጣልን” አለ አንዱ ጓደኛዬ። እኔም ሳቅሁ።

የመጀመሪያው መንፈቅ አልቆ ውጤት ሲለጠፍ ሳቁ ቆመ። አንደኛ አንጁሎ። ሁለተኛ ታደሰ ጉርሙ፤ ይኸውም እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሰው እንዳያየኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር መናገር አለብኝ። የምንበላው ስድስት ስድስት ሆነን በአንድ ትሪ ነበር። እኔና አንጁሎ አንድ ትሪ ደርሶን ነበር። ታዲያ አጎቱ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ እንደሆነና እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ እንደሚያግዘው ሰማሁ። በዚያ ዘመን የእጅ ሥራ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ምግብ ላይ ያርፋል፣ ያረፈበትም ይታመማል ይባል ነበር። እኔ ኬሚስትሪ የምማር ሰው፣ ሆዴን አመመኝ ብዬ ትሪ ቀየርኩ። ሁለተኛ ስወጣም በዓይኑ እንደሆነ አመንኩ። ሎጋሪዝም ባለማጥናቴ መሆኑን ለማመን ግን ፈጽሞ ዝግጁ አልነበርኩም። አንጁሎ ትሪ የቀየርኩበት ምክንያት ገብቶት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጠዋት ጠዋት እንደወትሮው እጁን እየሰጠ ሰላም ይለኝ ነበር።

ሌላም የደበቅኩት ነገር ነበረኝ። ቤታችን ከኮሌጁ በላይ ግማሽ ሰዓት ዳገት ከወጡ በኋላ ነው። አባቴ አቶ ጉርሙ ገበሬም የአጥቢያ ዳኛም ነበር። እቤት ኦሮምኛም አማርኛም እንናገራለን፤ ሲቆጣን በአንዱ፣ ሲያባብለን በሌላው ነው። ኮሌጅ ግን ኦሮምኛ እንደምችል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ኢታና አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ ነው። በእንቅልፍ ልቡ በኦሮምኛ የቤታቸውን ላሞች በየስማቸው ሲጠራ እሰማለሁ፤ ይገባኛልም፤ ሳቄን አፍኜ እተኛለሁ። ጠዋት “ምን አልኩ ደግሞ?” ሲለኝ “እኔ ምን አውቃለሁ” እለዋለሁ።

ነገሩ የተፈጠረው በየካቲት ወር፣ አንድ ቅዳሜ ነው። ቁርስ በልተን እንዳበቃን ደወል ተደወለ። በቅዳሜ ከምግብ ሰዓት ሌላ ደወል አይደወልም፤ ስለዚህ እየሮጥን ወጣን። ዲናችን ደረጃው ላይ ቆሟል። ፈረንጅ ነው፤ አማርኛ ግን ደህና አድርጎ ይናገራል። ያየውን ልማድ ሁሉ በትንሽ ደብተር ስለሚጽፍ በሌለበት አባ ደብተር እንለው ነበር። የዚያን ዕለት ደብተሩን አልያዘም።

“የኪስ ሰዓቴ ጠፍቷል” አለ። “የሞቱት አባቴ የሰጡኝ ሰዓት ነው። ትናንት ወደ ማታ መኝታ ቤታችሁን ስጎበኝ መታጠቢያው ጋ እንዳወጣሁት ትዝ ይለኛል። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። እስከ ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ካልተገኘ ፖሊስ እጠራለሁ። የወሰደው ተማሪም ዛሬውኑ ከኮሌጁ ይሰናበታል።”

አርባ አንደኞች ስለነበርን መፍትሔ አልጠፋም። ተክለ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማንም ሣጥኔን አይነካም ብሎ ስለ ሕግ ትምህርት ጀመረ። አብዱላሂ እያንዳንዳችን በየመጽሐፋችን እንማል አለ። ኢታና ሽማግሌ ይፈለግ አለ። አንዱ የአዲስ አበባ ልጅ፣ የሠለጠንን ነን ባዮች ከነበርነው መካከል ማለቴ ነው፣ መድኃኒት ጠጥቶ ሌባ የሚያሳድድ ሌባሻይ ይጠራ ብሎ ተሳቀበት። እኔም አፌ አላርፍ አለኝ።

“አባቴ የአጥቢያ ዳኛ ነው” አልኩ። “ለምን አውጫጭኝ አናደርግም?”

ዲኑ ቶሎ ብሎ ዞረ። “አውጫጭኝ? እውነተኛው አውጫጭኝ?” አለና ቢሮው ሮጦ ደብተሩን ይዞ ተመለሰ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። አንድ አገር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ ወይም ሰው ሲገደል ነዋሪው በሙሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ነገሩ እስኪወጣ ማንም ተነሥቶ አይሄድም፤ የቀረ ሰው ይጠረጠራል። ሁሉም ከማለ በኋላ አንድ በአንድ እየተነሣ የሚያውቀውን ለሽማግሌው በጆሮው ይነግረዋል። ሽማግሌው የተናገረውን ሰው ስም አይጠራም፤ “ወፍ ነገረችኝ” ብሎ ነው ለሕዝቡ የሚናገረው። ያቺ ወፍ ማን እንደሆነች እስከ ዕለተ ሞቱ አያወጣም።

ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። አባቴ የአጥሩን እንጨት ይጠግን ነበር።

“አባዬ፣ ኮሌጅ ይፈልጉዎታል። የዲኑ ሰዓት ተሰረቀ።”

“ተሰረቀ ወይስ ጠፋ?”

“ተሰረቀ እንጂ።”

“ሲሰረቅ አየኸው?”

“አላየሁም።”

“እንግዲያው ጠፋ በል” አለና መጥረቢያውን አስቀመጠ። ነጭ ጋቢውን ደርቦ፣ ዘንጉን ይዞ ቀድሞኝ ወረደ። ከኋላው ስሄድ ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ከግቢው አጥር ውጭ፣ ወደ ተራራው በሚወጣው የእግር መንገድ ዳር፣ አንድ ያረጀ ትልቅ ወይራ አለ። ቅርንጫፉ እስከ መንገዱ ማዶ ተዘርግቷል። አባቴ አየውና “እዚህ ነው” አለ። ሁላችንም በግቢው በኩል ጥላው ሥር መሬት ላይ ተቀመጥን። ዲኑ ወንበር ሲመጣለት አባቴ “በአውጫጭኝ ወንበር የለም፣ ጌታዬ” አለው። ዲኑ ደስ እያለው ሣሩ ላይ ተቀመጠና ይህንኑ ጻፈ።

አባቴ ስማችንንና አገራችንን ጠየቀን። ኢታና ሲናገር አነጋገሩን ሰማና “አካም ጅርታ?” አለው። ኢታና ተነሥቶ የአባቴን እጅ ሳመ። ሁለቱ ሰላምታቸውን እንደ ጉድ አወረዱት። በመጨረሻ ኢታና ወደ እኔ ዞረ።

“አባትህ ኦሮምኛ ያውቃሉ! አንተስ?”

“ትንሽ ትንሽ” አልኩ።

“ትንሽ?” አለ አባቴ። አየኝም። ጆሮዬ ጋለ።

ከዚያ ቆጠረን፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሆንን። “አንድ ጎደለ። ማን ነው?”

“አንጁሎ ነው። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ ሽሮ ሜዳ አጎቱ ጋ ይሄዳል” አለ ኢታና።

በአዲስ አበባ ልጆች መካከል ማጉረምረም ተነሣ። አባቴ ዘንጉን መሬት ላይ መታና ጸጥ አሰኘን። “የቀረ ቀረ ነው እንጂ ሌባ ነው አልተባለም። አሁን እያንዳንዳችሁ በምታምኑበት ማሉ። ያየሁትን ብደብቅ፣ ያላየሁትን ብጨምር የምበላው አይባረክልኝ በሉ።”

ሁላችንም ማልን። አባቴ ዲኑንም “ባለቤቱም ይምላል፤ አለመደበቁን” አለውና ዲኑም ማለ። አብዱላሂ የወይራውን ግንድ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ በመካከሉ ራሱን ቀና አድርጎ “የሰዓት ድምፅ ይሰማኛል” አለ።

“ሕሊናህ ነው” አለው ተክለ። ሌሎቻችን ሁሉ ሳቅን። አብዱላሂ አፍሮ ከግንዱ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አባቴ በግንዱ በኩል ዞር ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አንድ በአንድ ጠራን። እየሄድን በጆሮው እናንሾካሽካለን፣ እንመለሳለን። ወፎቹ ብዙ ናቸው። ማን ከወጥ ቤት ዳቦ እንደሚሰርቅ፣ ማን በአጥር ዘልሎ ሾላ ጠላ ቤት እንደሚሄድ፣ ማን የአንዲት ነርስ ፎቶግራፍ በፊዚክስ መጽሐፉ ውስጥ እንደሚያስቀምጥ ለአባቴ ተነገረው። አንዳንዱን ሲሰማ ጋቢውን አፉ ላይ ያደርጋል። ዲኑ በስንት ዓመት ያልሰማውን አባቴ በሁለት ሰዓት ሰማ፤ ስለ ሰዓቱ ግን የሚያውቅ አልተገኘም።

ተራዬ ደረሰ። ስነሣ ምንም ክፉ ነገር አላሰብኩም ብላችሁ ማን ያምነኛል? አስቤ ነበር። ስንምል ጀምሮ ሳስብ ነበር። አንጁሎ ቢሄድ መንገዱ ለእኔ ይጠረጋል። በዓመቱ መጨረሻ አንደኛ የሚወጣው ደግሞ ውጭ አገር እንደሚላክ ተነግሮን ነበር። ደግሞም ራሴን አሳምኜው ነበር፤ እሱ ባይሆን ማን ይሆናል? አጎንብሼ አፌን ወደ አባቴ ጆሮ አስጠጋሁ። ሰውነቱ የባሕር ዛፍ ጭስ ይሸት ነበር።

“አንጁሎ የሚባለው ልጅ ነው” አልኩ። “ትናንት ማታ ከመታጠቢያው ሲወጣ ሰዓቱን ኪሱ ሲከት ታይቷል።”

አባቴ ሳይዞር ጠየቀ። “ወፏ አይታ ነው ወይስ ሰምታ?”

ይህ የሥራው ጥያቄ ነው፤ ሁሉንም ይጠይቃል። ያኔ “ሰምታ” ብል ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር።

“አይታ” አልኩ።

“በዓይኗ?”

“በዓይኗ።”

እጁን ጉልበቴ ላይ አሳርፎ “ሂድ፣ ተቀመጥ” አለኝ።

ሁሉም ከጨረሰ በኋላ አባቴ ተነሣ። ድምፁ ደክሞ ነበር። “ወፍ ነገረችኝ” አለ። “አይቻለሁ ብላ ነገረችኝ። ጠየቅኋት፣ አጸናች። ሰዓቱን የወሰደ አንጁሎ የሚባለው ነው ብላለች።”

ኢታና ብድግ አለ። “አይሆንም! አንጁሎን እኔ አውቀዋለሁ!” ተክለ ደግሞ ተከሳሹ ሳይሰማ ፍርድ የለም ብሎ ጮኸ። ዲኑ ፊቱ ቀልቶ ነበር። ሁለት ዘበኞች ልኮ የአንጁሎን ሣጥን አስመጣ። ሁላችንም ባለንበት ተከፈተ። አንድ ሸሚዝ፣ የሒሳብ ደብተሮች፣ አንድ ልቃቂት ነጭ ፈትል፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር። ጨርቁ ሲፈታ ሰባት ቁራጭ ዳቦ ወጣ። ከቁርሱ እየቆረጠ የሚያስቀምጠው ነው፤ ለአጎቱ ልጆች እንደሚወስድላቸው ኢታና ነገረን። የዚያን ዕለት ቸኩሎ ረስቶት ሄዷል መሰለኝ። ሰባቱን ቁራጭ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው።

“ሰዓቱን ይዞ ሾላ ወርዷል ማለት ነው” አለ አንዱ። ዲኑ ቢሮው ሄዶ ደብዳቤ ጽፎ ተመለሰ። አንጁሎ ሲመጣ ደብዳቤው ይሰጠዋል፣ ሣጥኑንም ይዞ ይሄዳል ተባለ። አባቴ ግን ማንም እንዲነሣ አልፈቀደም። “ሰውዬው ሳይመጣ አውጫጭኝ አይበተንም” አለ። ምሳ እዚያው መጣልን። ትሪው ፊቴ ሲቀርብ አልዋጥ አለኝ፤ የምበላው አይባረክልኝ ብዬ ምዬ ነበርና። ከቀድሞው ትሪዬ ዙሪያ አንድ ቦታ ጎድሎ አየሁ፤ የአንጁሎ ቦታ መሆኑ ነው።

ከምሳ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ልናገር እያልኩ አልተናገርኩም። አባቴን ባየሁ ቁጥር አባቴ ወደ እኔ አያይም። በዚያ ሰዓት የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንጁሎ ሰዓቱን በእውነት ሰርቆ በሆነ። ሰው ሌላውን ሌባ ይሁን ብሎ ሲለምን አስቡት።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አንጁሎ በእግር መንገዱ ብቅ አለ። ጥቅል ጋቢ በብብቱ ይዟል፤ በዕለቱ ከአጎቱ ጋር የሠሩት ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ተማሪ፣ አንድ ሽማግሌና አንድ ፈረንጅ ወይራው ሥር ተቀምጠው ሲያይ ፊቱ በራ።

“ለዚህ ነው የተሰበሰባችሁት?” አለ። “እኔ ማንም አያየውም ብዬ ሠግቼ ነበር። ባለቤቱ አልመጣም እንዴ?”

አንጁሎ ጋቢውን ድንጋይ ላይ አኑሮ፣ በመንገዱ በኩል ወዳለው ቅርንጫፍ እጁን ሰደደና ቅጠሉን ገለጥ አደረገ። የዲኑ የኪስ ሰዓት ሰንሰለቱ ተቆርጦ፣ በነጭ ፈትል ታስሮ ተንጠልጥሏል። ጸጥ ስንል ድምፁ ለሁላችንም ተሰማ። አብዱላሂ “ብያችሁ አልነበረም!” ብሎ ጮኸ።

ዲኑ አፉን ከፍቶ ቀረ። “ትናንት ማታ... በዚህ መንገድ ተንሸራሽሬ ነበር” አለ። “ከመታጠቢያው በኋላ። ረሳሁት።”

“ጠዋት ስሄድ እዚህ ወድቆ አገኘሁት” አለ አንጁሎ። “እኛ ቀዬ መንገድ ላይ የወደቀ ነገር ያገኘ ሰው ወደ ቤቱ አይወስደውም። ከወደቀበት አጠገብ ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ባለቤቱ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ ሲመለስ ያገኘዋል። የሰው ዕቃ ይዤ ልሂድ እንዴ?” ከዚያ ሣጥኑን አየ። ክዳኑ ተከፍቷል፤ ዳቦው ጨርቁ ላይ ተዘርግቷል። ቀስ ብሎ “ሣጥኔን ማን ከፈተው?” አለ።

ኢታና ሁሉንም ነገረው። አንጁሎ ተቀምጦ ዳቦዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ ጠቀለላቸው። ዲኑ ደብዳቤውን ቀደደና ይቅርታ ጠየቀው፤ አንጁሎ ቀና ብሎ አላየውም።

በዚህ ጊዜ አባቴ ከተቀመጠበት ተነሣ። የተቀመጠበትን ድንጋይ በሁለት እጁ አነሣውና ማጅራቱ ላይ አደረገው። በአገራችን የበደለ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ እንዲህ ነው። ጎንበስ ብሎ አንጁሎ ፊት ቆመ።

“ልጄ፣ ይቅር በለኝ” አለ።

“እርስዎ ምን አደረጉ? ወፏ ናት እንጂ” አለ አንጁሎ ተደናግጦ።

“ወፍ አትጠራም። የሰማኋት እኔ ነኝ። ከመታጠቢያ ሲወጣ አየሁት አለችኝ፤ ሰዓቱ ደግሞ መንገድ ላይ ነበር። አላየችም ማለት ነው። ድምፅዋን እያወቅሁ፣ ልቤም እየነገረኝ፣ አምኛት አወጅኩ። ስለዚህ ዕዳው የኔ ነው።”

ድንጋዩ ትልቅ ነው፣ አባቴም ያረጀ ሰው ነው። ማንም አያውቅብኝም፤ ዝም ብል ዕድሜ ልኬን ማንም አያውቅም። አባቴ ደግሞ መቼም አይናገርም። ይህን ሁሉ ሳስብ እግሬ ቀድሞኝ ተነሥቶ ኖሯል። ሄጄ ድንጋዩን ከማጅራቱ ላይ አንሥቼ ወደ ራሴ አዛወርኩት።

“ወፏ እኔ ነኝ” አልኩ።

የአርባ ሰው ዓይን ላዬ ላይ ነበር። ከእነዚያ ዓይኖች ሁሉ የፈራሁት የአንጁሎን ነው፤ አሁን በሌላ ምክንያት።

“ለምን?” አለ አንጁሎ።

“አንደኛ ስለወጣህ። አጎትህም ሸማኔ ስለሆነ። ትሪ የቀየርኩት ለዚያ ነው፤ ሆዴን አላመመኝም።”

“ሆድህን እንዳላመመህ አውቃለሁ” አለ አንጁሎ። ከዚያ “ከበደህ?” አለኝ።

“ከበደኝ።”

“ትንሽ ያዘው።”

ያዝኩት። ዳቦውን ሣጥኑ ውስጥ መለሰ፣ ልቃቂቱን መለሰ፣ ሸሚዙን አጠፈ፣ ክዳኑን ዘጋ። ላቤ በአፍንጫዬ ይወርድ ነበር። ከዚያ መጥቶ ድንጋዩን አውርዶ መሬት ላይ አኖረው። “ይቅር ለእግዜር” አለ፤ እጄን ጨበጠኝ፤ የመጣ ዕለት እንደጨበጠኝ አድርጎ።

ዲኑ አላባረረኝም። አንጁሎ ይቅር ያለውን እኔ አልቀጣም አለ፤ ይህንንም በደብተሩ ጻፈው። የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ግን ለአንድ ወር አላናገሩኝም፤ የበደሌ ትልቅነት ሳይሆን መናገሬ ነበር ያናደዳቸው። ኢታና በማግሥቱ ጠዋት በኦሮምኛ “ላሞቹን ስንት ቀን ሰማህ?” ሲለኝ በኦሮምኛ “በየቀኑ” አልኩት። ትራሱን ወረወረብኝ። በዓመቱ መጨረሻ አንጁሎ አንደኛ ወጥቶ ውጭ አገር ሄደ። አብዱላሂ ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ ሆንኩ። ሦስተኛ መውጣት እንቅልፍ እንደማይከለክል ያኔ ነው የተማርኩት።

በኋላ ሕግ ተምሬ ዕድሜዬን በዳኝነት ወንበር ላይ ጨረስኩት። ፊቴ ለቆመ ምስክር ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ ያው የአባቴ ጥያቄ ነበር፤ አይተህ ነው ወይስ ሰምተህ? ብዙዎች “አይቼ” ሲሉ ዓይናቸውን አውቀዋለሁ፤ የኔ ዓይን ነበርና። ከአንጁሎ ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። አባቴ ሲሞት አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው። እናንተ ልጆቻችሁን ዛሬ ከየአገሩ ከመጣ ልጅ ጋር ወደሚማሩበት ኮሌጅ ስትልኩ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ስንተኛ ወጣህ አትበሉት። ከማን ጋር ትበላለህ በሉት።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዚያን ዕለት ማታ ሁሉም ወደ ግቢ ሲገባ አባቴን ዳገቱ ድረስ ሸኘሁት። ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። ከዚያ ቆሞ ዘወር አለ።

“አሁን እንደ ዳኛ አይደለም የምጠይቅህ” አለ። “ያቺ ወፍ አይታ ነው ወይስ ሰምታ?”

“አላየችም፣ አልሰማችምም፣ አባዬ” አልኩ። “ፈርታ ነው።”

ጋቢውን አስተካከለ። ከታች የእራት ደወል ሲደወል ይሰማ ነበር።

“በል ሂድ፣ እራት ሳያልፍህ” አለ። “ከዚያ ልጅ ትሪ ብላ።”